ጂን ኤክስፐርት አልትራ፦ ምርመራው አይታማም፣ ውሉ ግን ይመርመር

የቲቢ መመርመሪያ ማሽን ሊገዛ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «በሽታውን ያገኘዋል ወይ?» የሚል ነው። ለጂን ኤክስፐርት ይህ ጥያቄ ከተመለሰ ሰንብቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጀመሪያው ካርትሪጅ (ናሙናው ተሞልቶ ማሽኑ ውስጥ ለሚገባው የላስቲክ ዕቃ) ይሁንታውን የሰጠው በ2010 መጨረሻ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አልትራ የተባለው የተሻሻለው ካርትሪጅ በ2017 ተከተለ፤ በዲሴምበር 2024 ደግሞ የድርጅቱን የጥራት ቅድመ ማረጋገጫ ያገኘ የመጀመሪያው የቲቢ መመርመሪያ ሆነ። ስለዚህ ይሠራል አይሠራም በሚለው ላይ ጊዜ አናጠፋም። ይሠራል። የሚያነጋግረው ሌላ ነው። ይህን ያህል ዘመን የተመሰከረለት ዕቃ ለምን እስካሁን ለሁሉም አልደረሰም? በ2023 በዓለም ዙሪያ አዲስ ከተመዘገቡት 8.2 ሚሊዮን የቲቢ ታማሚዎች ውስጥ ገና ከጅምሩ የባክቴሪያውን ዲኤንኤ በሚፈልግ ፈጣን ሞለኪውላር ምርመራ የተመረመሩት 48 በመቶ ብቻ ነበሩ። የመልሱ ከፊል ላቦራቶሪው ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው፤ ከፊሉ ደግሞ ግዥ ክፍል ፋይል ውስጥ።

በብዛት የሚገኘው ባለ አራት ሞጁሉ (አራት የመመርመሪያ ክፍል ያለው) ማሽን ነው፤ ከኮምፒውተርና ከባርኮድ ማንበቢያ ጋር ይመጣል። አራቱን ሞጁሎች አንድ ጣሪያ ሥር እንዳሉ አራት ምድጃዎች አድርጋችሁ ቁጠሯቸው፦ አንዱ ላይ ተጥዶ ሳለ ሌላው ሊጫን ይችላል፣ አንዱ ቢበላሽ ሦስቱ ይቀጥላሉ። ዋናው ጥበብ ግን ካርትሪጁ ውስጥ ነው። በአክታው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ተጣርቶ ይያዛል፣ ይታጠባል፣ በአልትራሳውንድ ሞገድ ይሰባበራል፤ የወጣው ዲኤንኤ ከካርትሪጁ ጀርባ ወደተሰካችው ቀጭን ቱቦ ገብቶ ይባዛል። ይህ ሁሉ የሚሆነው የሰው እጅ ሳይገባበት ነው። ቀድሞ የሞለኪውላር ምርመራ ለማድረግ የተለያዩ ክፍሎችና ለዓመታት የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልግ ነበር፤ እዚህ ግን የአንድ ቀን ሥልጠና የወሰደ ሰው ናሙና ማዘጋጀት ይችላል። (በአንድ ቀን የሚማረው አዘገጃጀቱን ነው። ችግር ሲመጣ ችግሩን ማወቅ ሌላ ትምህርት ነው።) የሚገርመው ቴክኖሎጂው መጀመሪያ ስም ያወጣው በቲቢ አለመሆኑ ነው። ከ2001ዱ የአንትራክስ ደብዳቤዎች በኋላ የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት በደብዳቤ መለያ ማዕከሎቹ አየር ውስጥ አንትራክስን ለመፈለግ ይጠቀምበት ነበር። ወደ ቲቢ ያመጡት አምራቹ ሴፊድ፣ ጄኔቫ ያለው ፋይንድ የተባለው ድርጅትና የኒው ጀርሲ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ገንዘቡም በብዛት ከመንግሥታትና ከበጎ አድራጊዎች የወጣ ነው። ይህችን ነጥብ ያዟት፤ ዋጋው ጋ ስንደርስ እንፈልጋታለን።

ስለ አቅሙ ጥቂት ቁጥሮች ይበቃሉ። ማይክሮስኮፕ ባክቴሪያውን እንዲያሳይ በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ያህሉ መኖር አለበት። ለመጀመሪያው ካርትሪጅ ከመቶ ትንሽ ከፍ ያለ ይበቃው ነበር፤ አልትራ 16 ገደማ ሲያገኝ ይናገራል። ልዩነቱ የመጣው ከሁለት ለውጦች ነው። አንደኛ፣ ዲኤንኤው የሚባዛበት ክፍል መጠን በእጥፍ አድጓል። ሁለተኛ፣ አልትራ በባክቴሪያው ውስጥ በብዙ ቅጂ የሚገኙ ሁለት ምልክቶችን ጨምሮ ይፈልጋል፤ አንድ ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ «አለሁ» እንዲል ማለት ነው። በስምንት አገሮች ተሠርቶ በ2018 በወጣ ጥናት፣ በማይክሮስኮፕ ያልታዩ ነገር ግን በካልቸር (ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ በማሳደግ) ከተረጋገጡ ታማሚዎች መካከል አሮጌው ካርትሪጅ 46 በመቶውን ሲያገኝ አልትራ 63 በመቶውን አገኘ። በአንጻሩ ቲቢ የሌለበትን ሰው በትክክል «የለበትም» የማለት አቅሙ ከ98 ወደ 96 በመቶ ወረደ። ይህች የሁለት ነጥብ ቅናሽ ኋላ «ትሬስ» በሚባለው ውጤት ላይ ታስቸግራለች።

አሠራሩ አጭር ነው፤ አጭር በመሆኑም ይናቃል። አብዛኛው ብልሽት የሚጀምረው ከማሽኑ ሳይሆን ከአክታው ነው። ታማሚው አፉን በውኃ ተጉመጥሙጦ፣ አየር በጥልቀት ስቦ፣ ከደረቱ ሥር ስሎ ማውጣት አለበት፤ ይህንንም አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ከሰው ራቅ ብሎ። ምራቅ ለማሽኑ ምንም አይነግረውም። የምግብ ቅንጣት ያለበት ደግሞ ካርትሪጁን ይደፍናል። ቢያንስ 1 ሚሊ ሊትር አክታ ያስፈልጋል። መለያ ምልክቱ የሚጻፈው በካርትሪጁ ጎን ላይ ነው እንጂ ክዳኑ ላይ አይደለም፤ ባርኮዱንም መሸፈን የለበትም።

ቀጥሎ የናሙና ሪኤጀንቱ (ማቅጠኛ ፈሳሹ) ይጨመራል፦ ለአንድ እጅ አክታ ሁለት እጅ ሪኤጀንት። አክታው 2 ሚሊ ሊትር ከሆነ ሪኤጀንቱ 4 ነው። ዕቃው በደንብ ተከድኖ ከ10 እስከ 20 ጊዜ በኃይል ይናጣል፣ 10 ደቂቃ ይቀመጣል፣ እንደገና ይናጣል፣ 5 ደቂቃ ይቆያል። ሰዓት ይያዝ። ሪኤጀንቱ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድና አይሶፕሮፓኖል አለበት፤ አክታውን ያቀጥናል፣ ባክቴሪያውንም እየገደለ ለሠራተኛው ያለውን አደጋ ይቀንሳል። 15ቱን ደቂቃ ወደ 7 ማሳጠር ሁለቱንም ማጣት ነው። ከ15 ደቂቃ በኋላም የሚንጠለጠል ልጋግ ከታየ ትንሽ ጠብቆ እንደገና መናጥ ይሻላል። ከዚያ አብሮ በሚመጣው ፒፔት እስከ ምልክቱ፣ ማለትም 2 ሚሊ ሊትር፣ ቀስ ብሎ ይቀዳል። አረፋ ከገባ መጠኑ ጎደለ ማለት ነው። ካርትሪጁ ከተሞላ በኋላ አይናጥም፤ የጀርባው ቱቦ በጣት አይነካም፤ መሬት የወደቀ ካርትሪጅም ይጣላል እንጂ «እስቲ እንሞክረው» አይባልም። ኔጌቲቭ ውጤት በ65 ደቂቃ ገደማ ይወጣል፤ ፖዘቲቩ 80 ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል።

አሁን ስለሚሳሳተው። ማሽኑ ሲከሽፍ ዝም አይልም፤ ቁጥር ይጽፋል። ብዙ ላቦራቶሪ ግን ቁጥሩን ሳይመዘግብ «ኤረር» ብሎ ብቻ ያልፋል፤ ይህ መታከሚያውን ጽፎ የሰጠን ሐኪም ወረቀት እንደመቅደድ ነው። 5006 እና 5007 ከታዩ ምርመራው ሳይጀመር የሚደረገው የውስጥ ፍተሻ ወድቋል፤ ብዙ ጊዜ ናሙናው አንሶ ወይም በጣም ወፍሮ ስለተሞላ ነው። 2008 ከሆነ በካርትሪጁ ውስጥ ያለው ግፊት ከልክ አልፏል፤ ቅንጣት ወይም ያልቀጠነ አክታ ማጣሪያውን ደፍኖታል። 5011 ዲኤንኤው እየተባዛ ሳለ ምልክቱ ድንገት እንደጠፋ ይናገራል። 2127 ኮምፒውተሩና ሞጁሉ መነጋገር አቁመዋል ማለት ሲሆን፣ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት መብራትና ገመድ ናቸው። አንድ ዓይነት ቁጥር በሁሉም ሞጁሎች ላይ ከተበተነ ችግሩ ከናሙና አዘገጃጀት ወይም ከካርትሪጁ ምርት ቁጥር ነው፤ አንድ ሞጁል ላይ ብቻ ከተደጋገመ ሞጁሉ ነው። አንድ ሠራተኛ ተረኛ በሆነባቸው ቀናት ብቻ ከታየ ደግሞ፣ ቁጣውን ትታችሁ ፒፔት አያያዙን እዩለት።

ከኤረር ሌላ ሁለት ክሽፈቶች አሉ። «ኢንቫሊድ» የሚባለው የካርትሪጁ የውስጥ መቆጣጠሪያ ሳይሠራ ሲቀር ነው፤ ናሙናው ውስጥ ሂደቱን የሚያግድ ነገር ሊኖር ይችላል። «ኖ ሪዛልት» ደግሞ ምርመራው መሃል ላይ ሲቋረጥ፣ ብዙ ጊዜም መብራት ሲሄድ፣ ይመጣል። ጤነኛ የሚባለው መጠን ኤረር ከ3 በመቶ በታች፣ ሁለቱ እያንዳንዳቸው ከ1 በመቶ በታች ናቸው። ይህ ለወግ የሚሞላ አሃዝ አይደለም። ከ1,000 ካርትሪጅ 80ው የሚከሽፍበት ላቦራቶሪ ከ630 ዶላር በላይ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጥሏል፤ ከሰማንያዎቹ ታማሚዎች መካከልም ተመልሶ የማይመጣ ይኖራል። ስለዚህ ውጤቱ እስኪወጣ ከተዘጋጀው ናሙና የተረፈውን አትድፉት፤ ታማሚውን እንደገና ሳትጠሩ በሌላ ካርትሪጅ ለመድገም ያስችላችኋል።

ሙቀት፣ አቧራና መብራት የማሽኑ ሦስት ጠላቶች ናቸው። ክፍሉ ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት፤ ካርትሪጁ ግን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 28 ዲግሪ ባለው ነው። ልዩነቱን ልብ በሉ፦ ማሽኑ የሚስማማው ክፍል ለካርትሪጁ መጋዘን ላይሆን ይችላል። 29 ዲግሪ ላይ ማሽኑ ደስ ብሎት እየሠራ አጠገቡ የተቆለሉት ሳጥኖች ቀስ በቀስ ሊበላሹ ይችላሉ። ሙቀት መለኪያ የሚያስፈልገው ማሽኑ ጎን ብቻ ሳይሆን መጋዘኑም ውስጥ ነው፤ የሚመዘገበውም ቅዳሜና እሁድን ጨምሮ። ከማሽኑ ዙሪያ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይተው፣ ፀሐይ አይምታው፣ የማራገቢያው ማጣሪያ በመርሐ ግብር ይጽዳ። ዩፒኤሱን (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚያቆየውን ባትሪ) በተመለከተ፣ ከአንድ ሙሉ ምርመራ ጊዜ ያነሰ የሚይዝ ከሆነ ገንዘቡን ሳታወጡ ብትቀሩ ይሻላል፤ 30 ደቂቃ የሚይዝ ባትሪ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለመዝጋት ያገለግል እንደሆነ እንጂ ካርትሪጁን አያድንም።

የውጤት አነባበቡ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። አልትራ ባክቴሪያውን ሲያገኝ መጠኑን ከከፍተኛ እስከ በጣም ዝቅተኛ ደረጃ ይሰጠዋል፤ ከሁሉም ታች «ትሬስ» አለ፣ ሽታው ብቻ ቀረ እንደማለት። ትሬስ የሚወጣው እነዚያ ብዙ ቅጂ ያላቸው ምልክቶች ታይተው፣ ባክቴሪያው ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና የቲቢ መድኃኒት መላመዱ የሚነበብበት ጂን ሳይታይ ሲቀር ነው። ስለዚህ ትሬስ ሁልጊዜ «የሪፋምፒሲን መላመድ አልታወቀም» ከሚል ጋር ይመጣል። ይህን «መድኃኒቱን አልተላመደም» ብሎ ማንበብ ትልቅ ስህተት ነው። ኤች አይ ቪ በደማቸው ላለ ሰዎች፣ ለሕፃናትና ከሳንባ ውጭ ለተወሰደ ናሙና ትሬስ እንደ ቲቢ ይወሰዳል፤ እነዚህ ሰዎች ባክቴሪያቸው ጥቂት ነው፣ ማዘግየትም ይገድላቸዋል። ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ ቲቢ ታክሞ ለዳነ ሰው ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ማሽኑ የሞተና የሕያው ባክቴሪያን ዲኤንኤ አይለይም፣ የድሮው በሽታ ቅሪት ሊሆን ይችላል። ያቺ የሁለት ነጥብ ቅናሽ በአብዛኛው ከዚህ ትመጣለች። በዚሁ ምክንያት ካርትሪጁ ሕክምናው እየሠራ መሆኑን ለመከታተል አይውልም፤ ለዚያ አሁንም ማይክሮስኮፕና ካልቸር ያስፈልጋሉ። ጂን ኤክስፐርት ስለገባ ማይክሮስኮፑን ያስወጣ ጤና ተቋም ካለ መልሶ ያስገባው።

የማያየውም አለ። አልትራ የሚነግረን ስለ ሪፋምፒሲን ብቻ ነው። አይሶኒያዚድ የተባለውን ሌላ የቲቢ መድኃኒት ብቻ የተላመደ ባክቴሪያ በፊቱ ሲያልፍ ምንም አይልም። ሪፋምፒሲንንም ቢሆን የሚያነበው ከጂኑ አንዷን አጭር ክፍል ነው፤ ከዚያች ክፍል ውጭ ያለ ለውጥ ያመልጠዋል። በኤስዋቲኒ በተደረጉ ጥናቶች እንዲህ ያለ የሚያመልጥ ዝርያ በብዛት መሰራጨቱ ታውቋል። ስለዚህ መድኃኒት እየወሰደ ያልተሻለው ሰው «ማሽኑ አልተላመደም ብሏል» ተብሎ መመለስ የለበትም፤ ናሙናው ወደ ካልቸርና ወደ ሰፊው የጂን ምርመራ ይሂድ። ለአይሶኒያዚድና ፍሎሮኩዊኖሎን ለሚባሉት መድኃኒቶች ኤክስዲአር የተባለ ሌላ ካርትሪጅ አለ፤ ቲቢ ከተረጋገጠ በኋላ የሚሠራ ነው።

ሕፃናት አክታ አያወጡም፤ ይውጡታል። ለእነርሱ ሰገራ ይመረመራል፤ ከዚህ ማሽን አገልግሎቶች ሁሉ ይህ እጅግ ያልተነገረለት ነው። 0.8 ግራም ሰገራ ሙሉው 8 ሚሊ ሊትር ሪኤጀንት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጨመራል፣ ለ30 ሴኮንድ ይናጣል፣ 10 ደቂቃ ይቀመጣል፣ እንደገና ተንጦ ሌላ 10 ደቂቃ ይቆያል፤ ከላይ ከጠራው 2 ሚሊ ሊትር ይቀዳል። ከታች የዘቀጠውን መቀስቀስ አይገባም፤ ከበዛ 2008 ይመጣል። ሴንትሪፉጅ አያስፈልግም፣ በአፍንጫ ቱቦ ማስገባትም አያስፈልግም። ውጤቱ ኔጌቲቭ ቢሆን ግን ሕፃኑ ቲቢ የለበትም ማለት አይደለም፤ ምልክቱና ከታመመ ሰው ጋር ያለው ንክኪ ይመዘናል፣ ሐኪሙም በዚያ ይወስናል።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ግምገማችን የሚመርረው እዚህ ነው። ባለ አራት ሞጁሉ ማሽን ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የሕዝብ ተቋማት በተወሰነው ልዩ ዋጋ ከኮምፒውተሩ ጋር 17,000 ዶላር ገደማ ይነገርለት ነበር። ዋናው ወጪ ግን ማሽኑ አይደለም፤ በየቀኑ የሚበላው ካርትሪጅ ነው። በ2012 የአሜሪካ መንግሥት፣ ዩኒትኤይድና የጌትስ ፋውንዴሽን ለአምራቹ ገንዘብ ከፍለው የካርትሪጁን ልዩ ዋጋ ከ16.86 ወደ 9.98 ዶላር አወረዱት። ጥሩ ስምምነት ነበር። ክፋቱ፣ ከዚያ በኋላ ሽያጩ በብዙ እጥፍ ሲያድግ ዋጋው ከአሥር ዓመት በላይ ንቅንቅ አለማለቱ ነው። በመሃሉ በ2016 ዳናኸር የተባለው ኩባንያ ሴፊድን በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። ቴክኖሎጂው እዚህ እንዲደርስ የወጣው የሕዝብ ገንዘብ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ ተሰልቷል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ያሠራው የወጪ ትንተና ደግሞ አንዱን ካርትሪጅ በብዛት ለማምረት ከ3 እስከ 4.60 ዶላር ይበቃል ሲል ደመደመ። «5 ዶላር ይሁን» የሚለው ዘመቻ ከዚህ ተነሳ። የታማሚዎች ማኅበራት፣ ሐኪሞችና ተሟጋቾች ለዓመታት ገፉበት፤ በሴፕቴምበር 2023 ኩባንያው የአልትራን ዋጋ ወደ 7.97 ዶላር አወረደ፣ በዚህ ዋጋ እንደማያተርፍም ገለጸ።

ሁለት ዶላር ትንሽ ትመስላለች፤ ቁጥሩን ግን ግዥ ላይ አውሉት። አንድ ሚሊዮን ዶላር በቀድሞው ዋጋ 100,200 ካርትሪጅ ይገዛ ነበር፤ አሁን 125,000 ያህል ይገዛል፤ በ5 ዶላር ቢሆን 200,000 ይገዛል። በመሃል ያለው 75,000 ምርመራ ነው። ከዚህ ላይ ልዩ ዋጋው ማጓጓዣን፣ ኢንሹራንስን፣ ጉምሩክንና የአከፋፋይ ትርፍን እንደማያካትት አትርሱ። በአብዛኛው የግል ክሊኒኮችንም አይመለከትም፤ ብዙ ታማሚ ግን መጀመሪያ የሚያንኳኳው የግል ክሊኒክ በር ነው። በዚያው ማሽን የሚሠሩት የኤች አይ ቪ መጠንና የሄፓታይተስ ሲ ካርትሪጆችም ያኔ 14.90 ዶላር አካባቢ ላይ ቀሩ። ማሽኑ አንድ፣ ላስቲኩ አንድ፣ አሠራሩ ተመሳሳይ ሆኖ ዋጋው ለምን እንደተለያየ ሲጠየቅ በደረሰኝ የተደገፈ መልስ አልመጣም። የምንለው ኩባንያው አያትርፍ አይደለም። የሕዝብ ገንዘብ የገባበት ዕቃ የምርት ወጪው በገለልተኛ ኦዲተር ይታይ፣ ሽያጩ ሲያድግ ዋጋው በውል የሚወርድበት ቀመር ይኑር ነው የምንለው።

ጥገናው ከዋጋው ያልተናነሰ ጣጣ ነው። የሞጁል ዕድሜ ውስን ነው፤ በዓመት አንዴም ካሊብሬሽን (የልኬቱን ትክክለኛነት ማስተካከል) ያስፈልገዋል። ሞጁል ሲሞት በቦታው አይጠገንም፤ ይፈታል፣ ይላካል፣ ምትኩ ይጠበቃል። ባለ አራት ሞጁል ማሽን በስምንት ሰዓት ሥራ ከ16 እስከ 20 ምርመራ ይሠራል፤ ሁለቱ ከሞቱ ወረፋው ወደ ነገ፣ ከዚያም ወደ ከነገ ወዲያ ይገፋል። የሚገርመው ደግሞ በሌላ ቦታ ሙሉ ጤነኛ ማሽን ናሙና የሚያመጣለት ሞተር ሳይክል አጥቶ በቀን አራት ምርመራ ብቻ እየሠራ መዋሉ ነው። ተጨማሪ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ያለው በቀን ስንት እንደሚሠራ ቁጠሩ፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው የናሙና ማጓጓዣና የውጤት መመለሻ ነው።

ውል ስትፈርሙ እነዚህን ሳታስገቡ አትፈርሙ። ሞጁል ሲሞት በስንት የሥራ ቀን እንደሚተካ በቁጥር ይጻፍ፤ «በተቻለ ፍጥነት» የሚል ቃል ካለ ይሰረዝ። ቀኑ ሲያልፍ ምን ቅጣት እንዳለ ይገለጽ። የሞጁሉን የመመለሻና የመላኪያ ወጪ ማን እንደሚከፍል ይታወቅ። ትርፍ ሞጁሎች በአገር ውስጥ መጋዘን ይቀመጡ። በአምራቹ ጉድለት የከሸፈ ካርትሪጅ ይተካ፤ ለዚህም ነው የኤረር ቁጥሮቹን መመዝገብ አለባችሁ ያልነው፣ መዝገብ የሌለው ሰው የሚከራከርበት የለውም። ማሽኑ በኢንተርኔት የሚልከው የምርመራ መረጃ ባለቤት ማን እንደሆነም ይጻፍ። ጥገናው በካርትሪጁ ዋጋ ላይ ተደምሮ የሚከፈልበት አሠራር አለ፤ ለብዙ ፕሮግራም ይመቻል፣ ምክንያቱም ማሽን ቆሞ ካርትሪጅ ካልተሸጠ አቅራቢውም ይጎዳል።

ስለ ተፎካካሪዎቹ በአጭሩ። በሕንድ የተሠራው ትሩናት በ2020 የዓለም ጤና ድርጅትን ድጋፍ አግኝቷል። በባትሪ ይሠራል፤ መብራት በማይታመንበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ዲኤንኤ ማውጫው ለብቻው ነው፣ የሪፋምፒሲኑም ምርመራ በሌላ ቺፕ ይሠራል፤ የሰው እጅ ይበዛበታል። ገበያው ውስጥ ሁለተኛ ተጫራች መኖሩ ብቻውን ግን ለሁላችንም ጥቅም ነው። በጠና ለታመሙና ኤች አይ ቪ በደማቸው ላለ ሰዎች ደግሞ «ላም» (LAM) የተባለው በሽንት የሚሠራ ምርመራ አለ፤ 60 ማይክሮ ሊትር ሽንት፣ 25 ደቂቃ፣ ያለ መብራት። አቅሙ ከአልትራ ያነሰ ነው፤ የሚሠራውም በአልትራ ምትክ ሳይሆን ከአልትራ ጎን ነው። አክታ ማውጣት ያቃተውን ሰው ሕይወት ያተርፋልና የአልትራ ማሽን ያለው ሆስፒታል ሁሉ ሊያኖረው ይገባል።

ማሽኑ «ሪፋምፒሲንን ተላምዷል» ብሎ ከጻፈ በኋላ ምን ይሆናል? በዓለም ላይ በዓመት 400,000 ያህል ሰው እንዲህ ያለ ቲቢ ይይዘዋል። ከ2022 ጀምሮ የሚመከረው ቤዳኩዊሊን፣ ፕሬቶማኒድ፣ ሊኔዞሊድና ሞክሲፍሎክሳሲን በአንድነት የሚሰጡበት የስድስት ወር ሕክምና ነው፤ ቀድሞ ዓመት ከመንፈቅ የሚፈጅ፣ በመርፌ ጆሮ የሚያደነቁር ሕክምና ነበር። የቤዳኩዊሊን ዋጋም በ2023 የፓተንት ክርክሩ ከጋለ በኋላ በዓለም አቀፉ የመድኃኒት ግዥ በኩል ለስድስት ወር ወደ 130 ዶላር ወረደ። ጀነሪክ (ሌላ አምራች የሚሠራው ተመሳሳይ መድኃኒት) ሊገባ ሲል ዋጋ እንደሚሰበር ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ካርትሪጁ ግን እስካሁን ጀነሪክ የሚባል የለውም፤ ማሽኑ የሌላውን አይቀበልም።

ገንዘቡም በቃል የተገባ እንጂ በእጅ የገባ አይደለም። በ2023 በተባበሩት መንግሥታት ስብሰባ አገሮች እስከ 2027 ለቲቢ አገልግሎት በዓመት 22 ቢሊዮን፣ ለምርምር 5 ቢሊዮን ዶላር ለማድረስ ቃል ገቡ። በዚያው ዓመት ለአገልግሎት የተገኘው 5.7 ቢሊዮን፣ ለምርምር 1.2 ቢሊዮን ገደማ ነበር። በ2025 የአሜሪካ ዕርዳታ ሲቆረጥ በብዙ ቦታ ከተስተጓጎሉት መካከል የናሙና ማጓጓዣዎች ይገኛሉ፤ ከላይ እንዳየነው ያለ እነርሱ ማሽኑ የቢሮ ጌጥ ነው።

ነጥብ መስጠት ካለብን፦ ለምርመራው ከ5 አራት ተኩል፣ ለአያያዝ ቀላልነቱ አራት፣ ለጥገናው ሁለት፣ ለዋጋው ሁለት ተኩል፤ ግማሿ ነጥብ የኩባንያው ሳትሆን የዘመቻው ናት። ግዙት። አሁን የምታዙ ከሆነ ግን ሞጁሎቹ ባለ አሥር ቀለም (የአሥር ቀለም ብርሃን የሚያነቡ) መሆናቸውን በትእዛዙ ላይ አስጽፉ። አሮጌዎቹ ባለ ስድስት ቀለም ሞጁሎች የኤክስዲአር ካርትሪጅን አያነቡም፤ ይህን ሳያውቁ ካርትሪጁን አስቀድሞ ማዘዝ ደግሞ ቀኑ እያለፈበት መጋዘን ውስጥ የሚቀመጥ ሳጥን መግዛት ነው።